እኔ «የተለያዩ» ውስጥ ነኝ

ነገሩ ካለፈው ሁዳዴ ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል። ባለቤቴ «አሁንም እሱን ነው የምታብሰለስለው?» ትለኛለች። አዎ፣ እሱን ነው። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። መገናኛ ላይ ረዳቱ «አባዶ! አባዶ!» ሲል ገብታችሁ፣ እንቅልፍ ወስዷችሁ፣ ነቅታችሁም ገና ካልደረሳችሁ ትክክለኛው ታክሲ ውስጥ ናችሁ። ለብዙ ዓመት ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባህልና ኪነ ጥበብ ገጽ ላይ። አሁን የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው። ሰፈሩ ግን ዛሬም «ጋዜጠኛው» ይለኛል። ውሃ ሲጠፋ «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ እንዴ? ጻፍባቸው እንጂ!» ይሉኛል።

ወንበር ይዛችሁ ኑ

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የብሎካችን መግቢያ ላይ፣ ከውሃ ክፍያ ማስታወቂያው ጎን፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ኮሚናል። የቫዮሊንና የቼሎ ሙዚቃ። የበገና ሙዚቃ። መግቢያ በነፃ። ወንበር ይዛችሁ ኑ።» አንድ ሰው ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለተኛውን «ሙዚቃ» ሰርዞ ከላዩ «መዝሙር» ብሎበታል። ፈገግ አልኩና አለፍኩ።

ወረቀቱን የለጠፉት ቲቸር ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ነው የሚላቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ከእኛ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ቼሏቸውን አዝለው ደረጃውን ሲወርዱ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ አንዴ ያርፋሉ። ሕፃናቱ «ትልቁ ጊታር» ይሉታል። ማረም ትተዋል።

እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ኮሚናሉን ታውቁታላችሁ። ቅርጫ የሚታረደው፣ ለቅሶ የሚቀመጡት፣ ሠርግ የሚደገሰው እዚያው ነው። ሁዳዴ ስለነበር ከሥጋ አርፏል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀርቷል። የእድሩ አግዳሚ ግድግዳውን ተጠግቷል። የቀረው ሰው ፕላስቲክ ወንበሩን በራሱ ላይ ተሸክሞ መጣ። የድሮ ልማድ ሆኖብኝ ታዳሚ ቆጠርኩ። 31። ከነሱ 12ቱ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ እናታቸው ጡት ላይ።

የተጫወቱት አራት ሰዎች ናቸው። ቲቸር ቼሎ፣ ሁለት የድሮ ተማሪዎቻቸው ቫዮሊን፣ አንዲት ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ በገና። ኖታው ፎቶ ኮፒ ነው። ንፋስ እንዳይገለብጠው በልብስ መቆንጠጫ ይዘውታል፤ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ።

በኮሬሊ ጀመሩ። አድያም ሰገድ ኢያሱ ጎንደር ላይ በነገሡበት ዘመን ጣሊያን ውስጥ ሙዚቃ ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። አንደኛው ቫዮሊን ይናገራል፣ ሁለተኛው ይመልስለታል፣ ቼሎው ከሥር ሆኖ ሁለቱን ይሸመግላል። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ይሄኛው እኮ ያኛው ያለውን ነው የሚደግመው» አሉ። ልክ ናቸው። ቀጥለው ቲቸር ራሳቸው ያቀነባበሩትን የኛን ዜማ ተጫወቱ። የቱ ቅኝት (የዜማው የድምፅ አደራደር) እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን ወጠርኩ። «ባቲ ነው» ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። ሦስተኛው ትዝታ ነበር። እሱንማ ማን ይስታል።

በገናው ለብቻው ነው የቀረበው። ቲቸር ከቼሎ ጋር አያቀላቅሉትም። «በገና ጸሎት ነው፤ አጃቢ አይፈልግም» ይላሉ። እዚህ ላይ ከብዙ ወጣት ሙዚቀኛ ጋር እንደማይስማሙ አውቃለሁ። እኔ ግን ወደሳቸው አደላለሁ።

ቆርቆሮው

ልጅቷ ነጠላዋን አስተካክላ በገናውን አቅፋ ስትቀመጥ ዝናቡ መጣ። የበልግ ዝናብ ደግሞ አያስጠነቅቅም። የኮሚናሉ ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። አጠገቤ ያለው ሰው ሲያወራ ከንፈሩን ነው የማየው። ልጅቷ እጇን አሳረፈች። ማንም አልሄደም። በዚያ ዝናብ የት ይኬዳል?

ቆየት ብላ መቃኘት ጀመረች። አውታሩ አንጀት ነው፤ እርጥበት ሲሰማው ቅኝቱን ይስታል። አሥሩንም አንድ በአንድ ትነካካለች። በርኩማው (አውታሮቹን የሚሸከመው እንጨት) ላይ፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ አንዲት ቁራጭ ቆዳ አለች። እንዚራ ትባላለች። ያቺን ቁራጭ የፀጉር ስፋት ታህል ወደዚህ ሳብ፣ ወደዚያ ገፋ ታደርጋለች። ልክ ቦታዋ ላይ ስትደርስ አውታሩ መንዘር ይጀምራል። በገናን ከክራር የሚለየው፣ ያ ሆድ ውስጥ የሚገባው ነዘር፣ ከጥፍር ከማትበልጥ ቆዳ ነው የሚመጣው። ስንት ዓመት ስለ በገና ጽፌ ይህን አላውቅም ነበር።

ዝናቡ ስላላሰማት ጉንጯን የበገናው ምሰሶ ላይ ለጥፋ ነበር የምትቃኘው። በአጥንቷ እየሰማች።

ቲቸር አፍጥጬ ስመለከት አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ። ልጅቷን አስፈቀዱልኝ። ጆሮዬ ሥር ሆነው እየጮሁ «ተንበርከክና ጆሮህን ገበቴው ላይ ለጥፍ!» አሉኝ። ገበቴ የሚሉት የበገናውን የድምፅ ሳጥን ነው። ተንበረከክኩ። ለጠፍኩ። ልጅቷ አንዱን ወፍራም አውታር ነካችው።

ዝናቡ ጠፋ። ሌላ የምለው አጣሁ፤ ዝናቡ ጠፋ። ሁለተኛውን ነካች፣ ሦስተኛውን። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እንጃ። ቀና ስል ጉልበቴ ረጥቧል፣ ልጆቹ ይስቁብኛል።

«እህስ? ምን ሰማህ?» አሉኝ ቲቸር።

«ደስ ይላል።»

«እሱ ስሜትህ ነው። ምን ሰማህ ነው የምልህ።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። በቃላት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ እኮ! ቲቸር ሳቁ። «በል ግድየለም፣ ‹የተለያዩ ጣዕመ ዜማዎች ቀርበዋል› በለው።»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ መሃል ላይ ቀረ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ስንቴ ጽፌያታለሁ!

«ጋዜጣ ላይ አይተዋት ነው?» አልኳቸው።

«አንተ የጻፍከው ላይ ነዋ። ቤት አለኝ፤ አስቀምጬዋለሁ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «እኔ ‹የተለያዩ› ውስጥ ነኝ።»

ዝናቡ አባራ። ልጅቷ ጀመረች። በደንብ ሰማሁ ብል እዋሻለሁ፤ ሐሳቤ ጋዜጣው ላይ ነበር።

ካሜራው ሲወጣ

በሳምንቱ ቡና ሊጠጡ ጠሩኝ። ወረቀቷ ፕላስቲክ ውስጥ ናት፤ ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። ከሥሯ ስሜ አለ። አንድ መሃል ከተማ አዳራሽ ውስጥ ስለቀረበ ኮንሰርት ነው። መስመሮቹን ቆጠርኳቸው። 19። የክብር እንግዳው ንግግር ሰባት መስመር። የምስክር ወረቀት የተሰጣቸው ሰዎች አራት መስመር። አዘጋጁ ስለ ቀጣይ ዕቅዱ የተናገረው አምስት መስመር። ከዚያ «በዕለቱም የተለያዩ ጣዕመ ዜማዎች ለታዳሚው ቀርበዋል።» የአንድ ተጫዋች ስም የለም። የአንድ ሥራ ርዕስ የለም።

ቲቸር ለዚያች ምሽት አራት ወር እንደተለማመዱ ነገሩኝ። መሃል ላይ የአንዷ ቫዮሊኒስት ክር ተበጥሶ በቀሩት ሦስት ክሮች እንደጨረሰች ነገሩኝ። ሕዝቡ ክሩ መበጠሱን ስላላወቀ ማጨብጨቡን፣ እነሱ ግን እያወቁ ከመድረክ ጀርባ ማልቀሳቸውን ነገሩኝ። እኔ ይህን ሁሉ አዲስ ነገር እንደሚሰማ ሰው ሰማሁ። ምክንያቱም አዲስ ነበር። እዚያ አልነበርኩም።

ይህን መጻፍ ነው የከበደኝ። ንግግሩ አለቀ፣ የምስክር ወረቀቱ ተሰጠ፣ ሹፌሩ ውጭ ሆኖ ክላክስ አደረገ፣ እኛም ወጣን። «ዜናው ተገኝቷል» እንባባል ነበር። ሙዚቃው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። «የተለያዩ» ያልኩት ምን እንደቀረበ ስላላወቅኩ ነው። «ጣዕመ» ያልኩት ሳልቀምስ ነው።

ለቲቸር አልደበቅኳቸውም። ስኒውን እያማሰሉ «አውቃለሁ» አሉ። «መድረክ ላይ ሆነን ስትወጡ አይተናችኋል። የቴሌቪዥኖቹ ካሜራ ትልቅ መብራት ነበረው። እሱ ሲወጣ ኖታዬን ማንበብ አቃተኝ።»

ቅሬታ አልነበረበትም። እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። እኔ ነኝ ቀልድ ያልመሰለኝ።

ከንግግሩ ሥር የሚፈሰው

«ሚዲያው ረሳን» ሲባል ጥፋቱ አለመምጣት ይመስለኝ ነበር። እንደኛ ዳር ሰፈር ላለ ሰውማ አዎ፣ አይመጡም። መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም፣ አባዶ ሩቅ ነው። ይገባኛል። የኔ ጥያቄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሆኗል። የመጣን ጊዜስ ምን አደረግን? ማን እንደተገኘ እንጽፋለን። ምን እንደተሰማ አንጽፍም።

«ክላሲካል» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። በኛ አገር ክላሲካል ማለት ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ነው። ሳክስፎን ትዝታ ከተጫወተ ክላሲካል ነው። ኪቦርድም ከሆነ ክላሲካል ነው። ይህ ራሱ አያስቀይመኝም፤ ሕዝብ ቃሉን እንዳሻው የመጠቀም መብት አለው። ግን ሬዲዮው ክላሲካሉን የት ነው የሚያጫውተው? ከንግግር ሥር። የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ ግጥም ሲቀርብ፣ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀር። ዜናው ሲደርስ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። እኔም ቆርጬ አውቃለሁ። ተጫዋቹ ማን እንደሆነ ሲነገር የሰማ ይንገረኝ።

በገና ደግሞ ወቅት አለው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ከታክሲው፣ ከካፌው፣ ከሬዲዮው ሁሉ ይፈስሳል። 55 ቀን። ፋሲካ ሌሊት ላይ እንደ ሽሮው ድስት ይነሳል። ዓለሙ አጋ እንጦጦ ተወልዶ፣ እዚያው በልጅነቱ በገና ተምሮ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። ደርግ ጊዜ ትምህርቱ ቆመ። ይህን ከሬዲዮ አይደለም የሰማሁት። ከአንድ የውጭ ሲዲ ጀርባ ላይ ነው ያነበብኩት።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መጋቢት 2015 ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ የዓለም ጋዜጦች ስለ ፒያኖ አመታታቸው ጻፉ። ግራ እጃቸው ምን እንደሚያደርግ፣ ቀኙ እንዴት እንደሚዘገይ። እኔ ያገኘኋቸው የአማርኛ ዜናዎች አብዛኞቹ ያንኑ ተርጉመው ያቀረቡ ነበሩ። አዲስ አበባ የተወለዱ ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ታተመ። ብዙው ዓለም የሰማቸው ደግሞ ፈረንጆቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 21ኛ ቁጥር ላይ ሲያወጧቸው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ግርማ ይፍራሸዋስ? ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ ተምሮ፣ ተመልሶ፣ እዚሁ ተቀምጦ ፒያኖ የሚጫወት ሰው። ስሙን የማያውቅ የባህል ጋዜጠኛ የለም። አንዲት ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳምጦ በአማርኛ የተነተነ ግን አላጋጠመኝም። እኔም አልሞከርኩም።

ሰበባችን «አማርኛ ለዚህ ቃል የለውም» የሚል ነው። ሰበብ ነው ያልኩት ራሴ ስለተጠቀምኩበት ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችንን ስሟቸው። እንግሊዝ አገር የተመታን አንድ ኮርነር አምስት ደቂቃ ይተነትኑታል። ኳሷ እንዴት እንደታጠፈች፣ ተከላካዩ በየትኛው እግሩ እንደቆመ። ያ ሁሉ ቃል ከሰማይ አልወረደላቸውም። ጨዋታውን እስከ 90ኛው ደቂቃ ስለሚያዩ ነው ያገኙት።

ለድምፅማ ጭራሽ ድሮውኑ ነበረን። የያሬድ ዜማ ምልክቶችን አስቡ። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሒደት፣ ቁርጥ። ስምንት ናቸው። ድምፁ ሲያዝ፣ ወደ ደረት ሲገባ፣ ሲደፋ፣ ሲቀና፣ ሲጫር፣ ሲንረከረክ፣ ሲሄድ፣ ሲቆረጥ። አንድ የቆሎ ተማሪ በቃሉ የሚያውቀውን እኔ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዤ ገበቴ ላይ ተደፍቼ «ደስ ይላል» አልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሰው የሚያማህን አትሰማም ለማለት ነበር። የኔ ግን ጭራሽ በቁሙ ባዳ ሆኖ ተገኘ።

ለከርሞ አስታውሰኝ

ቲቸር ቤት ቡናውን ከጠጣሁ በኋላ እልህ ያዘኝ። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ፤ አሁን የፕሮግራም ኃላፊ ነው።

«ማን ተገኘ?» አለኝ።

«ሰው።»

«አይ፣ የክብር እንግዳ ማለቴ ነው።»

«ወንበር ከቤታችን ይዘን ነው የሄድነው።»

«ስፖንሰርስ?»

«የልብስ መቆንጠጫ።»

ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። «ወንድሜ፣ እኔ ውስጤ ይፈልጋል፤ ታውቀኛለህ። ግን አየህ፣ ሆሳዕና ደረሰ። አሁን በገና ብናስገባ ሳምንት አይሞላውም፣ ጾሙ ያልቃል። ለከርሞ ሁዳዴ አስታውሰኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣሁ። ስለዚያች ቅዳሜ ጻፍኩ። መጀመሪያ የአራቱን ሰዎች ሙሉ ስም። ከዚያ ምን እንደተጫወቱ በተራ። ሁለተኛው ቫዮሊን የት ቦታ ላይ እንደዘገየና ቲቸር በዓይናቸው እንዴት እንደጠበቁት። ስለ እንዚራዋ። ዝናቡ በእንጨቱ ውስጥ እንዴት እንደጠፋ። ሦስቴ ቀዳደድኩት። «ውብ» የሚለውን ቃል አራት ቦታ ሰረዝኩ፤ «ማራኪ»ን ሁለት ቦታ። ባለቤቴ «የጡረታ ማመልከቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ አተምኩትና ማታ ወርጄ ከውሃ ክፍያው ማስታወቂያ ጎን ለጠፍኩት። አርታኢ የለ፣ ቆራጭ የለ።

በነጋታው ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሁለት ሰው ቆሞ ያነባል። ሲሄዱ ጠጋ ብዬ አየሁት። «ሁለተኛው በባቲ ቅኝት የተቀነባበረ ነው» ባልኩበት ቦታ ላይ «ባቲ» የሚለው ቃል በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ጊዜ ተሰርዟል። ከላዩ «አንቺሆዬ» ይላል። ኅዳጉ ላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ «ደግመህ ስማ።»

በጋዜጠኝነት ዘመኔ ሁሉ በሙዚቃ ላይ የጻፍኩትን ያረመኝ አንባቢ አልነበረም። ምኑን ያርማል?

ወረቀቱን ነቅዬ ቲቸር ጋ ሮጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «አንቺሆዬ ነው» አሉ። «ምነው እኔን ብትጠይቀኝ?»

«እርስዎ ነዎት ያረሙት?»

«እኔ በጥቁር ነው የምጽፈው።»

እስካሁን አላገኘሁትም። ቆሎ ሻጯን ጠየቅኩ፣ ጥበቃውን ጠየቅኩ፣ የእድሩን ጸሐፊ የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ላይ አመሳከርኩ። አይደሉም። ከ31ዱ አንዱ ነው። አሁን ደረጃ ላይ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሰላም እያልኩ መጀመሪያ የማየው የደረት ኪሱን ነው።